ለካሪስ፣ ማጉያውን ስሸጥላት

ግቢ ካሪስ። ጋራዥ ነው፣ ጫማሽን አታውልቂ፤
ባልዲዋን እንዳትመቻት፣ በዚያ በኩል ዝለቂ።
የዚህ ሸለቆ ጣሪያ ሁሉ ያፈሳል፤
ዌልስ ውስጥ ዝናብ እንደ ዘመድ ሳይጠሩት ይደርሳል።

ይኸው ማጉያው፦ አርባ ሁለት ኪሎ፣
ከነአቧራው፣ ከነቢራው እድፍ፣ ጥግ ይዞ ውሎ።
"ትንሹ አዳራሽ አይሞላም፣ ትልቁን ግዛ" ያለኝ ሻጭ፣
ካርዲፍ፣ መስታወት ሱቁ ውስጥ፣ ከወንበሩ ላይ ተቀማጭ፣
አንድም ቀን የክለብ ደረጃ በጀርባው አልለካም።
ለአፍ ዳገት የለውም። ለወገብ ግን አለው፣ በጣም።

እኔ ልምከርሽ፦ ትንሽ ስፒከር፣ በአንድ እጅ የሚነሳ፤
በሌላው እጅ በር የሚከፈትበት፣ ወይ የዓሣ
ጥብስ የሚያዝበት። ሌላው ወሬ ነው።
እንጨቱ ከየት ደን መጣ፣ ቀለሙ ስንት ዓመቱ ነው፣
እያሉ ሲከራከሩ የሚያነጉ አሉ፤
አንድ ሠርግ ተጫውተው ሳያመሹ ሁሉን ያውቃሉ።

ክር? ስምንት ዓመት ሆነው፣ አልቀየርኩም።
አዲስ ክር እንደ አዲስ ጫማ ይጮኻል፣ አልወድም።
ድሮ፣ ገንዘብ ሲጠፋ፣ በድስት እንቀቅለው ነበር፣
ትንሽ ሆምጣጤ ጠብ አድርገን፣ እድፉ እንዲበር።
ኔስታ ለእራት መጥታ ክዳኑን ከፈተች።
"ጉድ ፈላ!" አለች።
እውነቷን ነው። ፈልቷል።

ፔዳል የግዊን በሽታ ነው፤ አሥራ አንድ ደርድሯል፣
ዘጠኙ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስንነግረው ይከፋዋል።
እኔ ያለኝ አንድ መቃኛ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተር፣
አንድ የእጅ ባትሪ፣ ፊውዝ ሲቃጠል የሚያበር።
የሠርግ ሰው ጠጋ ይልና ይጠይቅሻል ቀስ ብሎ፦
"ሁለቱ ክሮች ተበጥሰውብሽ ነው?" ከልቡ አዝኖ፣ አስተውሎ።
"አዎ" በይው። ይሻላል።

ባንድ እንደ ትዳር ነው ይላሉ። ውሸት።
በትዳር ቤንዚን ለአምስት አይካፈሉም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ኤምሪስ ይዘገያል። ለራሱ ሠርግ ዘግይቷል፤
ከበሮው ላይ ሲቀመጥ ግን ሰዓት ከሱ ይማራል።
ብሮንዌን ዘፈኑን መድረክ ላይ፣ በዓይኗ ትቀይራለች፤
ቅንድቧ ከተነሳ፣ አንድ ዙር ልትደግም ፈልጋለች፤
ጫማዋን ካየች፣ ልትጨርስ ነው። ከባስ ሥራ ግማሹ
የሰው ፊት ማንበብ ነው፣ ማንም አይነግርሽም። ግማሹ
ደግሞ ዝም ማለት።

አንድ ቅዳሜ፣ ትሪዮርኪ፣ የማዕድን ሠራተኞች ክለብ፣
ከቢንጎው በኋላ፣ ለሥጋው ዕጣ ሰዉ ሲሰበሰብ፣
ገመዴ ሞተ።
ማንም ዞሮ አላየኝ። ግዊን ይሰነጥቃል፣ ብሮንዌን ታዜማለች፤
ግን ከጭፈራው መሐል አንዲት ሴት ድንገት ቆመች፣
ከዚያ የሌላው እግር ተሳሰረ፣
ሰው ሁሉ እየተያየ ቀረ፣
መብራት እንደጠፋበት ቤት፣ መብራቱ ግን በርቶ።
ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ከዘራቸው አየር ላይ ቀርቶ፣
"ምን ወሰዳችሁብን?" አሉ።

ትርፉን ገመድ ሰካሁ። ጨፈሩ።
ስለዚያ ማንም አላነሳ፤ ስለ ብሮንዌን ቀሚስ እስከ ሰኞ አወሩ።
ክፍያው ሠላሳ ፓውንድ ነበር፣ ለቤንዚን ሰባት ተቆርጦ፤
አንድ ኪሎ ቋሊማም በዕጣ ደረሰኝ፣ ቤት ገባ እዚሁ ማጉያ ላይ ተቀምጦ።

ጣቶቼን አትዪ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አይታጠፉም፤
ሐኪሙ ስም አለው ለዚህ፣ እኔ አልያዝኩትም።
መቶ ሃያ ነበር ያልነው? መቶ ስጪኝ። በሃያዋ
ገመድ ግዢ። ሁለት። አንዷ ስትሞት አለች ሌላዋ።

መኪናሽን አስጠጊ። በጉልበትሽ አንሺ፣
በወገብሽ አይደለም፤ ሌላውን ብትረሺ ይኼን አትርሺ።
ያዝሽ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

ቆይ።
ባልዲዋ።